የአቶ አወቀ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሜላት እንግዳው የሚባል ሰው እንጅባራ ውስጥ በከፈተው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ሳለ፣ ማናለብሽ ከዘንገና በእግሯ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች። የአባቷ የአቶ አወቀ አርባ በመጪው እሑድ ነው።

«የአባቴን ድምፅ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። «በአርባው ለዘመድ አሰማለሁ ብያለሁ።»

ሜላት ድምፁ የተቀመጠበት አካውንቷ እንደተዘጋ ነገረቻት። አቶ አወቀ ሜላት ለሠራችው የስልክ መዝገበ ቃላት የአዊኛን የእርሻና የዕፅዋት ስሞች ክረምቱን ሙሉ በድምፃቸው ሲቀዱላት ከርመው ነበር። በእንግዳው ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ሁሉ በየጊዜው ስለሚሰረዝ፣ ቅጂው መተግበሪያውን በሚያሠራጨው ታላቅ የውጭ ኩባንያ ዘንድ ብቻ እንዲቀመጥ የመከረችው ራሷ ናት። «እዚያ ምንም አይነካውም» ብላቸው ነበር።

መዝገበ ቃላቱ በወጣ ዕለት ግን ዘመዱም ጎረቤቱም ለደቦ እንደሚወጣ ሰው ወደዚህች ክፍል ጎረፈ። ኢሜይል ለሌለው እንግዳው እዚያው እየከፈተለት፣ ሁሉም ተራ በተራ ለመዝገበ ቃላቱ አምስት ኮከብ ሰጠ። ሜላትን እንደ ልጃቸው ማገዛቸው ነበር። ኩባንያው ከአንድ ቤት የጎረፈውን ምስጋና እንደ ማጭበርበር ቆጠረውና የሜላትን አካውንት ካስቀመጠችው ሁሉ ጋር ዘጋው።

«ለምን እንደዘጉት እሷን ጠይቂ» አለ እንግዳው ለማናለብሽ። «የኩባንያው ጠበቃ ናት። ደመወዝ ግን አልቆረጡላትም።»

«ሕጉ ትክክል ነው» አለች ሜላት። «ሐሰተኛ ምስጋና ቢፈቀድ የሀቀኛው ሥራ ከውሸታሙ በምን ይለያል? ስልኮች የአዊኛውን ፊደል ‹ጝ›ን አላሳይ ሲሉኝ፣ በዓይኑ አይቶኝ የማያውቅ መሐንዲሳቸው እየተጻጻፈኝ አስተካክሎልኛል። ከነሱ በቀር ማን እንዲያ ረድቶኝ ያውቃል?»

«ታዲያ ውሸታሟ እኔ ነኝ?» አለች ማናለብሽ። «እኔም መጥቼ ኮከብ ሰጥቻለሁ።»

«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ። የዘጋው ማሽን ነው። ሰው ሲያየው ይገባዋል።»

«ሰው አይቶታል?»

ሜላት የኩባንያውን መልሶች ከፍታ አሳየቻት። ደጋግማ አመልክታ፣ የመጣላት ሁልጊዜ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው የሚል።

ማናለብሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ቃላቱን ይውሰዷቸው፤ ግድ የለኝም። ቀድቶ የጨረሰ ዕለት አባቴ ስቆ ስሜን ጠርቷል፤ አጠገቡ ነበርኩ። ያቺን ብቻ ይስጡኝ በያቸው።»

ሜላት በጥንቃቄ ጻፈች። ከማሽን ሌላ አንድ ሰው እንዲያነበው በትሕትና ለመነችና ላከችው።

«ይመልሳሉ?»

«ይመልሳሉ» አለች ሜላት። ታምን ነበር።

እሑድ ማለዳ ሜላት ወደ አርባው ከመሄዷ በፊት እንግዳውን በሩን አስከፈተችው። ከኩባንያው ጋር በምትጻጻፍበት ገጽ ላይ የመጨረሻው መልእክት የራሷ ነበር።