የክርስትና አባት ቀለብ

ባሌ የልጅ አባት መሆኑን ከእሱ አፍ አልሰማሁም። ከጎረቤትም አልሰማሁም፤ እኔ ደግሞ የሰፈር ወሬ የሚያመልጠኝ ሴት አይደለሁም። የሰማሁት የደሴታችን ትልቅ ከተማ ኢሎይሎ ውስጥ፣ ባሌን በርቶን መርከብ ላይ የቀጠረው ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜ፣ የወሩ ገንዘብ ለምን በግማሽ ጎደለ ብዬ ስጮህ ነው።

"የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው እህቴ" አለችኝ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ። "የልጅ ቀለብ ይቆረጥ ተብሎ ነው።"

"የምን ልጅ? እኛ ልጅ የለንም።"

"እናንተ ሳትሆኑ እሱ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሪዛሊን ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው።"

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ከት ብዬ ሳቅኩ። ሪዛሊንማ የክርስትና ልጃችን ናት!

እናቷ ዴልያ ከቤታችን ጀርባ ባሕሩ ዳር ዓሣ እያደረቀች የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ያስረገዛት ሰውዬ ሆዷ ሳይገፋ ነው የጠፋው። ልጅቷ ስትወለድ በርቶን የክርስትና አባት ይሁንልኝ አለች፤ እሺ አልናት፣ አበልጅ ሆንን። የክርስትናው ቀን በርቶ ባሕር ላይ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእሱ ፈንታ የቆመው ወንድሙ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የወደቀው እኔ ላይ ነው።

መርከበኛ ያገባች ሴት ይገባታል። ባልየው ውቅያኖስ መሃል ሞተር ክፍል ውስጥ ላቡን ሲያፈስ፣ አገር ቤት ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሠርግ የሚበላው፣ ስጦታ የሚሰጠው በሚስቱ እግርና እጅ ነው። ክብሩ ግን የእሱ ነው። ለሪዛሊን የገና ቀሚስ የገዛሁት እኔ፤ ኬኩ ላይ ያስጻፍኩት የእሱን ሙሉ ስም፣ ኖርቤርቶ። ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳት እኔ፤ ደረሰኙ ላይ ያስሞላሁት የእሱን ስም። ወላጆች ይምጡ ሲባል "ኖርቤርቶ ልኮኝ ነው" እያልኩ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ። ፀጉሯን እንኳ ማን እንደሚጎነጉናት እሱ አያውቅም። ልደቷን ብትጠይቁት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ታዲያ የዴልያ ወንድም፣ ቀበሌ ምክር ቤት ገብቶ ከረባት ማሰር የጀመረው፣ ይህንን ሁሉ ሰብስቦ ፍርድ ቤት ወሰደው። ዴልያም አባቷ በርቶ ነው ብላ እጇን አንስታ ማለች። ሕጉ አንድን ልጅ በይፋ፣ ሳያቋርጥ፣ እንደ ልጁ የያዘ ሰው አባቷ ነው ይላል አሉ። ዳኛው ፎቶዎቹንና ደረሰኞቹን አይተው፣ አባት ካልሆነ ይህን ሁሉ ማን ያደርጋል አሉ። ተከሳሹም ቀርቦ አልተከራከረም። በሌለበት ፈረዱበት። በሌላ አነጋገር አፍቃሪ አባት ነሽ ተብሎ የተፈረደብኝ እኔ ነኝ፤ ስሙ ብቻ ነው የባሌ።

ተከሳሹ ለምን አልቀረበም? መጥሪያው የት ደረሰ? እንደ እብድ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አማቴ እማማ ኮንሶላ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ሲናገሩ ግን እኛ ነን ከእሳቸው ጋር የምንኖረው። መሬቱ የእሳቸው ነውና። ጓሮ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ።

"እማማ፣ ከፍርድ ቤት መጥሪያ መጥቶ ነበር?"

"መጥቶ ነበር።"

"ማን ተቀበለው?"

"እኔ። ሌላ ማን ቤት ውሎ ያውቃል?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!"

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ምን ብዬ ልንገርሽ? ልጄ ልጅ ወለደ ብዬ? እልል ትይ ነበር? ይኸው እንግዲህ፣ ፍርድ ቤት መሰከረ። ችግሩ ከልጄ አለመሆኑን አሁን አገር ያውቀዋል።"

ደሜ ፈላ። በተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እማማ ኮንሶላ ያላሉኝ የለም። ደረቅ መሬት ብለውኛል። የማያፈራ ኮኮናት ብለውኛል፣ ያውም በሰው ፊት። ምኑን እንደሆነ እንጃ፣ መራራ ቅርፊት እየቀቀሉ በየወሩ ያጠጡኛል፤ እንዳልተፋው ቆመው ያዩኛል። ልጅ ለማግኘት የሚጨፈርበት በዓል አለ ተብሎ በመርከብና በአውቶቡስ ኦባንዶ ድረስ ሄጄ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ወገቤ እስኪቆረጥ ጨፍሬያለሁ። አሁን ደግሞ መካንነቴ በማኅተም ጸደቀ፤ ባሌም ከጓሮ ጎረቤቴ ወልዷል ተባለ። ይህ ፍርድ ሳይሻር አንገቴን ቀና አድርጌ ገበያ አልወጣም ብዬ ማልኩ።

እማማ ግን ጊዜ አላጠፉም። በሳምንቱ ሪዛሊንን እጇን ይዘው ቤት አስገቧት፣ አያቴ በይኝ አሏት፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ አፍንጫዋን እዩልኝ፣ የበርቶ አፍንጫ አይደለም ወይ ይላሉ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ወጥ ቤት መጣች።

"አክስቴ ፌሊ፣ ክርስትና አባቴ አሁን አባቴ ሆነ እንዴ?"

"ማን አለሽ?"

"እማዬ። አያቴም።" አሰብ አደረገች። "አንቺስ ምኔ ሆንሽ?"

ሙዝ ሰጥቻት ወደ ሽንኩርቴ ዞርኩ። ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

በርቶ ኮንትራቱን ጨርሶ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቼ ተቀበልኩት። በስልክ ምንም አላደረግኩም ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር። ጠበቃ ይዣለሁ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና ሊያየው ተስማምቷል፣ ለዲኤንኤ ምርመራ ናሙና ብቻ ስጥ አልኩት። ሻንጣውን አነሳ። ታክሲ ውስጥ ገባን። ሩዝ እርሻውን ካለፍን በኋላ፣

"ፌሊ፣ ምርመራው ይቅርብን። እንክፈል በቃ" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"ለልጅቷ እንደሆን ድሮም ትሰጪያት ነበር። ምን ይጎድልብናል? ነገር አታብዢ።"

"ነገር አታብዢ? አንተ ሰውዬ፣ ንጹሕ ሰው ምርመራ ይፈራል እንዴ?"

"አልፈራሁም።"

"እንግዲያው ለምን በመስኮት ታያለህ?"

ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገልን፤ እግዜር ይስጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ለየሁ። ዴልያን መንገድ ላይ ባየኋት ቁጥር እግሯን፣ ወገቧን እያየሁ ከመቼ ጀምሮ እላለሁ። እሷ ስታየኝ የዓሣ ቅርጫቷን ራሷ ላይ ከፍ አድርጋ ፊቷን ትሸፍናለች። ሐቀኛ ሴት ፊቷን ለምን ትሸፍናለች? ደግሞ ራሴው፣ አንቺስ ለምን እሱን ትጠረጥሪያለሽ እላለሁ። እንቅልፍም ምግብም አጣሁ፤ የቀበቶዬን ቀዳዳ በምስማር ጨመርኩ።

ፍርድ ቤቱ ምርመራው ይደረግ ብሎ አዘዘና እምቢ የማለቻው መንገድ ተዘጋበት። ሐኪም ቤት የጉንጩን ውስጥ በጥጥ ጠረግ አድርገው ጨረሱ፤ ይህን ያህል ያደከመኝ ነገር እንዲህ ቀላል መሆኑ አናደደኝ። ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በርቶ ጉልበቱን ይዞ ወለሉን ያያል።

"ውጤቱን አውቀዋለሁ" አለ።

ወደ እሱ ዞርኩ። "ያንተ ናት ማለት ነው።"

"አይደለችም። ልትሆን አትችልም።" ጉልበቱን ለቀቀ። "የማንም ልጅ የእኔ ሊሆን አይችልም፣ ፌሊ። ማኒላ ለመርከብ ጤንነቴን ስመረመር በራሴ ገንዘብ ይህንንም አስመረመርኩ። ምንም የለህም አሉኝ። ዘር የለህም አሉኝ።"

"መቼ?"

"በተጋባን በሁለተኛው ዓመት።"

ቆጠርኩ። ቅርፊቱን ቆጠርኩ። የእማማን ስድብ ቆጠርኩ። "ኦባንዶ ስሄድስ?"

"አውቅ ነበር።"

"የመሳፈሪያውን የላክልኝ እኮ አንተ ነህ!"

"ታዲያ ምን ልበልሽ?"

"አትሂጂ በለኛ! አንተ ከይሲ! አትሂጂ ማለት አቅቶህ ነው?"

ነርሷ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች። በርቶ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ እኔን ግን አላሳዘነኝም፤ ጭራሽ አበገነኝ።

"ፍርዱ መርከብ ላይ ሲደርስ ጓደኞቼ ሰሙ" አለ። "ጀርባዬን መቱኝ። 'አንተ ድብቅ፣ ለካ አባት ነህ' አሉኝ። ፌሊ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ። ምርመራው ይቅር ያልኩሽ ለዚያ ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ባሌ ባለጌ መባልን መርጧል። በሚስቱ ላይ የሄደ፣ ከጎረቤት የወለደ፣ ልጁን የካደ መባልን መርጧል፤ መካን ከሚባል። እኔ ግን አልመረጥኩም። ለእኔ የመረጠልኝ እሱ ነው።

"ስማኝ" አልኩት። "ውጤቱ የሚለው ሪዛሊን ያንተ አይደለችም ነው። ሌላውን አይናገርም። እናትህ ነገም ተነስተው ደረቅ መሬት ይሉኛል። ስለዚህ አንተ ትነግራቸዋለህ። በአፍህ፣ እኔ እየሰማሁ። ካልነገርካቸው እዚያ ቤት አልመለስም።"

"እናቴ ልቧ አይችለውም።"

"የእኔ ችሏል።"

ውሳኔው የሚነበብ ቀን እማማ ኮንሶላ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ዳኛው አነበቡ፤ ኖርቤርቶ የልጅቷ አባት አይደለም፣ የቀድሞው ፍርድ ተሽሯል፣ ቀለቡም ይቁም። የዴልያ ወንድም ከረባቱን እያላላ ቀድሞ ወጣ። ዴልያ በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ፌሊ፣ ይቅር በይኝ። አባቷ ማን ነው እያሉ ልጄን መከራዋን ሲያበሏት..."

"ለእኔ ተዪው" አልኳት። "ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ለእሷ ምን እንደምትያት አስቢ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደረጃው ላይ ግን እማማ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ።

"አሁን ረካሽ?" አሉኝ። "አንዲት የልጅ ልጅ ነበረችኝ፣ እሷንም ነጠቅሽኝ። ራስሽ አልወለድሽ፣ የተወለደውንም አታስቀሪ!"

በርቶን አየሁት። እሱ ጫማውን አየ። ከደረጃው ሥር ሳይክል ታክሲ ነጂዎች ይሳሳቃሉ፣ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠበቅኩት። ዝም ካለ በዚያው እሄዳለሁ፤ እግሬ ራሱ ያውቅ ነበር።

"እማ" አለ። "ችግሩ ከእሷ አይደለም። ከእኔ ነው። እኔ ነኝ የማልወልደው። ተመርምሬያለሁ።"

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። ይወድቃሉ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እማማ ኮንሶላ ግን ጃንጥላቸውን ቀስ ብለው አጠፉት።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን ታውቂያለሽ?"

"ልጅ ሳለህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ወደ ታች የወረደብህ ጊዜ። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል። ይህ ልጅ ላይወልድ ይችላል አለኝ።"

በርቶ አፉ ተከፍቶ ቀረ። እኔ ግን አፌ አልተዘጋም። "ያንን ቅርፊት ቆመው ሲያጠጡኝ ያውቁ ነበር?"

"ላይወልድ ይችላል ነው ያለኝ፤ አይወልድም አላለኝም። ተአምር አለ ብዬ ነው።"

"ኮኮናት ሲሉኝስ? በሰው ፊት?"

"ሰው ምን ይበል ታዲያ? ልጄን ወንድ አይደለም ይበል?" ጃንጥላቸውን ደረታቸው ላይ አቀፉ። "መጥሪያው ሲመጣ እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ አልኩ። ልጄ አባት ተባለ፣ እኔም አያት ተባልኩ። ማንን ጎዳሁ?"

"እኔን!"

"አንቺማ ምን ታውቂያለሽ" አሉ እማማ፣ እንደ ልማዳቸው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። "የልጅን ነገር የሚያውቅ የወለደ ነው።"

ወዲያው ሰሙት፤ ራሳቸው ያሉትን ራሳቸው ሰሙት፤ ልጃቸውም አልወለደም። መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በርቶ "እማ!" አለ። እናቱን እንዲከለክልልኝ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነበር፤ አሁን ሲለው ግን ምንም አላደረገልኝም። ማልቀስ አልፈለግኩም፣ መሳደብም አልፈለግኩም። እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለቱም አውቀው፣ ሁለቱም ተደባብቀው፣ ሸክሙን እኔ አንዷ ላይ ጭነውት ነው የኖሩት።

ቦርሳዬን አነሳሁና ወደ ሚያጋኦ፣ ወደ እናቴ ከተማ የሚሄደው፣ ጂፕኒ የምንለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ላይ ወጣሁ። በርቶ እናቱን ደረጃው ላይ ትቶ እየሮጠ ደረሰ። መኪናው ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ከኋላ የብረቱን መያዣ ጨብጦ መረገጫው ላይ ተንጠለጠለ። ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ጎን ግን ትንሽ ብጠጋ የአንድ ሰው ቦታ ይገኝ ነበር።

"ጠጋ በይለት እንጂ የኔ ልጅ" አሉኝ ትይዩ የተቀመጡ ዶሮ የታቀፉ ሴትዮ። "ሰውየው ሊወድቅ እኮ ነው።"

"መርከበኛ ነው፣ መያዝ ያውቃል" አልኳቸው።

በርቶ አቧራው ፊቱን እየሸፈነው፣ እኔን እኔን እያየ፣ እናቴ በር እስክንደርስ ድረስ ተንጠልጥሎ መጣ።