አሥራ አራት እውነት

ሐዳሳ በዚያ ሳምንት የቀራት ትዕግሥት ማንኪያ አይሞላም ነበር። ሚክያስ ዛሬም በጠዋቱ በቴሌግራም «ጥርስሽ ወተት፣ ዓይንሽ ኮከብ» ብሎ ልኮላታል። ወተት! ወይ ጉድ! ልጅነቷን ቆላ አክስቷ ዘንድ ነው ያሳለፈችው፤ የዚያ አገር የጉድጓድ ውኃ ጥርሷን ቡናማ አድርጎት ቀርቷል። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ለምን መሰለው? ወይ ዕውር ነው ወይ ውሸታም። ከሁለቱም ጋር ትዳር አይሆንም።

የባሰው ደግሞ ቅዳሜ ሽማግሌ ሊልክ ነው። «ጸልዬ ልመልስልህ» ብላ ሦስት ወር አስጠብቃዋለች፤ ከዚህ በላይ ቢጸለይ እግዚአብሔርም ይሰለቻል።

ሐዳሳ ሆሳዕና ከተማ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ያን ቀን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማረችው የድሮ እንግሊዞችን ባለ አሥራ አራት መስመር የፍቅር ግጥም ነበር። ገጣሚው የሚወዳትን ሴት አያሞካሽም፤ ጉድለቷን እየሳቀ ይናገርና መጨረሻ ሁለት መስመር ላይ ዞር ብሎ ልቡን ያወጣል።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ሚስት አገኘ?» አለ አንዱ ተማሪ።

«ቢያንስ አልዋሸም!» ብላ ጮኸችበት። ምስኪኑ ምን አደረገ?

ከክፍል እንደወጣች ዶዮገና ከተማ ሒሳብ ለሚያስተምረው ሚክያስ ደወለች። «ስማ፣ እስከ ቅዳሜ አሥራ አራት መስመር ጻፍልኝ። አንድ ውሸት ብትገባ ሽማግሌዎችህ እንደመጡ ይመለሳሉ።»

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የሚያነቡት። ሚክያስ «ለሐዳሳ ይስጡልኝ» ብሎ ፖስታ ሰጥቷቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጃቸው የገባ ፖስታ ለጉባኤ ሳይነበብ ቀርቶ አያውቅም። ቀደዱት፣ መነጽር አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንደኛ፣ ጥርስሽ ቡናማ ነው። ወተት ያልኩት ሰው ሁሉ ስለሚል ነው።»

«በኢየሱስ ስም!» አለች እናቷ።

«ሁለተኛ፣ ስትዘምሪ ከኳየሩ ቀድመሽ ትጨርሻለሽ። ሦስተኛ፣ ስትቆጪ ወደ ሀዲይኛ ትገቢያለሽ፤ እኔ ከምባታው ባይገባኝም እፈራለሁ።»

አምስተኛው ላይ አባቷ አቶ መልካሙ ብድግ አሉ። «ይሄ ሽምግልና ነው ስድብ?»

«ማስታወቂያ አይቋረጥም፣ ወንድሜ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ላብ እያጠመቃቸው።

ሐዳሳ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለእኔ ጻፍልኝ አልኩት እንጂ በጉባኤ አስነብብ አልኩት? ደደብ! በቃ፣ ልትወጣና «አልፈልግም» ልትል መጋረጃውን ያዘች።

«አሥራ ሦስተኛ፣ ጥርስሽን በደንብ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። መናኸሪያው ጋ ዝናብ ሲመታን እየሳቅሽ ነበር፤ አንድ እጅሽ ጃንጥላ፣ አንድ እጅሽ ሻንጣ ስለያዘ መሸፈን አልቻልሽም።»

ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ቀነሰ።

«አሥራ አራተኛ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝናብ እጠብቃለሁ።»

አቶ መልካሙ እንደቆሙ ናቸው። ሐዳሳ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ሳቋም አምልጧታል። እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ተወችው።

«አባዬ፣ ይቀመጡ» አለች። «ጸልዬ ጨርሻለሁ።»

ቡናማውን ጥርሷን ሽማግሌዎቹ ሁሉ አዩት።