ቅናት ይዞ ቢሾፍቱ ሰርግ ለሚሄድ

ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። በእህቴ በማህደር ሰርግ ቀን ግን መቶ ዘጠና ነበር። መኪና ውስጥ የቀና ሰው ከተቀመጠ መንገዱ ይረዝማል። የሰርጉ ኮሚቴ በቴሌግራም በላከልን መመሪያ ላይ ይህን አልጻፈውም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ሌላውን ሁሉ ጽፎታል። ሰርጉ ሐይቁ ዳር አትክልት ውስጥ ስለሆነ ቀጭን ተረከዝ አታድርጉ፣ ሣሩ ውስጥ ይሰምጣል። ከሰዓት ይነፍሳልና ነጠላ ያዙ። ነጭ የሙሽራዋ ነው፣ እናንተ ከተመረጠው አረንጓዴ ጨርቅ አሰፉ። አምስት ሰዓት ላይ ድረሱ። እኔ አንዱንም አላጓደልኩም። አረንጓዴ እንደማያምርብኝ አገር እያወቀ አረንጓዴ አሰፋሁ። ጨርቁን የመረጠችው ማህደር ናት። ምን ቸገራት፣ እሷ እንደሆነ ነጭ ነው የምትለብሰው።

በሁለት ሰዓት ተኩል ከቃሊቲ ተነሳን። የሚኒባሱ ሹፌር ቶሎሳ ይባላል፤ የኋላ መስታወቱ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ለጥፏል። በሦስት ሰዓት ከሩብ ዱከምን አለፍን። ከዚያ ዱከምን እንደገና አለፍን። ለሦስተኛ ጊዜ ስንደርስ ሥጋ ቤቱ ያው ነበር፣ ከተሰቀለው ሥጋ ግን ግማሹ ተሽጧል። የመንገድ ዳሩ ምልክት «ቢሾፍቱ 96» ይላል።

ቶሎሳ ጥግ ይዞ ቆመ።

«ከመሀላችሁ የቀና ሰው አለ» አለ። «ሳይናገር አንደርስም። ባለፈው ሞጆ ሰርግ ስሄድ አንዷ አልናገርም ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ነዳሁ።»

«ምቀኛ አታሳጣኝ ብለህ ትለጥፋለህ! ይኸው፣ አላሳጣህም» አለችው አክስቴ በለጡ።

«እኔ ያልኩት ቅናት ነው፣ እትዬ። ምቀኛ ከጫንኩማ መንገዱ ጭራሽ ይጠፋል።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ራሷ ጀመረች። «እንግዲህ እውነቱን ልናገር፣ እኔ የቀናሁት በፀጉሯ ነው። የኔዋ ልጅ ፀጉር ተቆጥሮ ያልቃል።» ምልክቱ ስምንት ኪሎ ሜትር ቀነሰ።

ጎረቤታችን ጋሽ ውብሸት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ በቦታው ነው። ልጄን የዳርኩት ቀበሌ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው አፍስሶ ሙሽራው በጃንጥላ ነው የበላው።» አሥራ ሁለት ቀነሰ። የአጎቴ ልጅ ዮዲት አንገቷን ደፍታ «ባሏ ሰሃን ያጥባል አሉ» ስትል ሃያ ቀነሰ፤ ሴቶቹ ሁሉ «ወይ ጉድ!» አሉ። ሌሎቹም በየተራ የየራሳቸውን ተናገሩ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔን ምን አስቀናኝ?» አልኩ።

ምልክቱ ላይ ሠላሳ ተጨመረ።

«ትርሲትዬ» አለች አክስቴ ቀስ ብላ፣ «ታላቅ ቁጭ ብላ ታናሽ ስትዳር ቢቆጭሽ ማን ይፈርድብሻል?»

እኔ ይሄን ነው የማልወደው! ሰው የሚቀናው በባል ብቻ ይመስላቸዋል። ሙሽራው ናኦድ ደግ ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ሰሃን ያጥባል፣ እውነት ነው። ያጠበውን ግን እኔ አይቼዋለሁ፤ ቅባቱ አይለቅም። እንዲህ ያለ ባል ይቅርብኝ።

ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበረች።

«የት ደረሳችሁ?»

«ዱከም።»

«አሁንም? ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ነው እኮ። እናትሽ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። አንቺን ብለን አንቆምም እንግዲህ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«የእናቴ ጉልበት የኔ ነው!» አልኩ። «ስምንት ዓመት ማታ ማታ በቅባት ያሸሁት እኔ ነኝ። ማህደር እኮ የሚያማት የግራው ይሁን የቀኙ አታውቅም። ዛሬ ነጭ ለብሳ ትመጣና ሁለቱንም ትስማለች፣ እናቴም አልቅሳ ትመርቃታለች። እኔን አንድ ቀን አልቅሳ መርቃኝ አታውቅም። ‹ትንሽ ዝቅ በይ፣ እዚያ ጋ› ነው የምትለኝ። ያ ጉልበት የኔ ነው። ለማንም አልሰጥም።»

ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር ወረደ፣ ዜሮ ደረሰ፣ ከዚያም መውረዱን ቀጠለ።

ሐይቁ ዳር፣ ሣር ላይ፣ ጥበብ የለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ጣቴ ላይ የእናቴ ቀለበት አለ፤ ጣቱም የእሷ ነው። የግራ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ይህን ሕመም በእጄ አውቀው ነበር፣ በጉልበቴ ሲመጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከሳሎን ወጥ ቤት ስትሄድ ለምን ሁለቴ እንደምታርፍ ገባኝ።

ማህደርና ናኦድ ፊቴ ተንበረከኩ። ማህደር ቀኙን ሳመች፣ ከዚያ የግራውን። እንዳያመኝ የግራውን በከንፈሯ ጫፍ ብቻ ነካችው። ለካስ ታውቅ ነበር።

ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እማዬ፣ ትርሲት አልመጣችም?»

«መንገድ ላይ ናት» አልኳት በእናቴ ድምፅ።

«ምን ሆና ነው? እሷ ሳትኖር እንዴት…» አለችና አለቀሰች። ኩሏ እየወረደ ነጩን ቀሚስ አበላሸው። ናኦድ መሐረብ ሰጣት።

እንግዳው ይጠብቃል፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅም በእጁ ቶሎ በይ ይለኛል። «ውለዱ፣ ክበዱ» አልኩ። «አሜን!» አለ ሰዉ ሁሉ። እልልታው ሐይቁ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ከአጥሩ ባሻገር አስፋልቱ ላይ የቶሎሳ ሚኒባስ አለፈ። እናቴ የኔን መልክና የኔን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ መስኮት ዳር ተቀምጣለች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደግፋ እኔን ታየኛለች። ሌሎቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረው እስክትናገር ይጠብቃሉ።

ጥቂት ቆይቶ ሚኒባሱ እንደገና አለፈ።