መኖ የቆመበት ቀን

ሁለት ሺህ ዶሮ ርቦት ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያሰማችሁ። እኔ የዚያን ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስሰማው ዋልኩ፤ ያስራብኳቸውም ራሴ ነኝ።

ጭካኔ እንዳይመስላችሁ፣ የሥራው ደንብ ነው። ዶሮ ከመታረዱ ስምንት ሰዓት ቀደም ብሎ መኖ ይቆምና ውሃ ብቻ ይተውለታል። ሆዱ እንደሞላ የታረደ እንደሆነ አንጀቱ ይፈነዳና ሥጋውን ያበላሸዋል፤ ገዢም አይቀበልህም። ዶሮዎቹን የሚገዛን አከፋፋይ መኪናውን የሚልከው ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ እኔና ባለቤቴ በማለዳ ተነስተን መመገቢያዎቹን በገመድ ወደ ላይ እንሰቅላለን። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ዶሮዎቹ አርባ ሁለት ቀን ሲሞላቸው መኪናው ይመጣል፣ አለቀ።

"ለመሆኑ ደውለሽለታል?" አለኝ ባለቤቴ ገመዱን እየሳበ።

"ምን ብዬ ልደውል? ቀኑ ሊጠፋው ነው?"

"እኔ እንጃ። ዘንድሮ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም ብዬ ነው።"

"ሟርትህን ተወኝ፣ አንተ ሰውዬ!"

ባለቤቴ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የጫማውን ክር የሚያስር ዓይነት። ባለፈው ዙር አከፋፋዩ ግማሹን ብቻ ወስዶ ግማሹን ሲተውብን "ቀጣዩን ካልወሰደ እንዝጋው" ብሎኝ ነበር። እኔም በንዴት "እሺ! ካልወሰደ ይዘጋ!" አልኩት። አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እንደማይሆን እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

ደግሞም ለሚቀጥለው ዙር ጫጩት አዝዣለሁ። ጫጩት የምታስፈለፍልልን ሴት አለች፣ እኛ ፈልፋይዋ ነው የምንላት። እንቁላሉን ማሽን ውስጥ ካስገባችው ሃያ ቀን ሆኖታል፤ በማግስቱ ሊፈለፈል ነው። ሁለተኛው የዶሮ ቤታችን ታጥቦ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ አዲስ ሰጋቱራ ተነጥፎለት ይጠብቃል። እኔ ከሰዓት በኋላ ደውዬ "አምጪ" ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። መኪና የለም። ስምንት ተኩል ሆነ። ደወልኩ፤ ወፍ የለም! ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ከበር እስከ መንገዱ ስንቴ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ጎማው ተንፍሶ ይሆናል አልኩ። ሾፌሩ ታሞ ይሆናል አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ውስጥ ደግሞ ትርምስ ነው። መኖ የለመደ ዶሮ አንዴ ከቆመበት አደብ የለውም። አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ የተሰቀለውን መመገቢያ ቀና ብሎ እያየ ይጮሃል፣ ሲብስበት እርስ በርሱ ይነካከሳል።

"እናብላቸው" አለኝ ባለቤቴ።

"አብልተናቸው መኪናው ከች ቢልስ? የሞላ ሆድ አልወስድም ብሎ ይመለስልህ?"

"ካልመጣስ?"

"ይመጣል አልኩህ እኮ!"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድንበሩ ለንግድ ተከፈተ፣ ከጎረቤት አገር በሚገባው ላይ ቀረጥ ተነሳ ሲባል መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። በቆሎ ረከሰ፣ አኩሪ አተር ረከሰ። ዶሮዎቼ የጎረቤት በቆሎ እየበሉ ሲደልቡ "እንዲህ ነው እንጂ ጉርብትና!" እያልኩ ስመርቅ ከረምኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! በቆሎው በገባበት በር ዶሮው ራሱ ታርዶ፣ ተቆራርጦ፣ በረዶ ሆኖ እንደሚገባ ማን ነገረኝ?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አላስችል አለኝ። "እኔ ሳልመጣ አንዲት ፍሬ እንዳትሰጣቸው" አልኩትና ታክሲ ይዤ ወደ አከፋፋዩ መጋዘን በረርኩ።

ገና ከታክሲው ሳልወርድ መኪናውን አየሁት። አዎ፣ የኛው መኪና፣ ያ አሥራ አንድ ዓመት በራችን ላይ የቆመው። ጎማው አልተነፈሰም፣ ሾፌሩም እንደ በሬ ጤነኛ ነው። ጀርባው ተከፍቶ በረዶ የያዛቸው ካርቶኖች ያወርዳሉ። መጋዘኑ በር ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። ሁለት ልጆች የያዘች ሴት ዞር ብላ አየችኝና "ቶሎ ተሰለፊ እናቴ፣ የዶሮ እግሩ ሳያልቅ!" አለችኝ። "ርካሽ ነው?" አልኳት። "ኧረ ተይኝ! ድሮ ልጆቼ ሥጋ የሚያዩት በሰው ቤት ነበር፤ አሁን በሳምንት ሁለቴ እያበላኋቸው ነው" ብላ ሳቀች። ምን ይባላል? የምናደድባት ሴት አልነበረችም። እንደሷ ብሆን እኔም እሰለፍ ነበር።

አከፋፋዩ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ ልደውልልሽ ነበር።"

"ልደውል ነበር ማለት አልደወልኩም ማለት ነው! ከጠዋት ጀምሮ መኖ አቁሜ፣ ሁለት ሺህ ነፍስ አስርቤ ነው የመጣሁት! ቃልህ የታለ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው እየሰማ ነው።"

"ይስማ!"

ጎትቶ ወደ ውስጥ አስገባኝ። "ስሚኝ" አለኝ። "አንቺ የምትሸጪልኝ ሙሉ ዶሮ ነው። ከድንበር ማዶ ያሉት እግሩን ለብቻ፣ ክንፉን ለብቻ ነው የሚሰጡኝ። አገራቸው ሰው የሚወደው ደረቱን ነው፤ እሱን እዚያው በውድ ይሸጡታል። እግሩ ይተርፋቸዋል፣ የተረፋቸውን ወደኛ ይልካሉ። በዚያ ዋጋ አንቺ ላባውን እንኳ አትሸጪልኝም።"

"የኔ ትኩስ ነው።"

"ማን ካደ? ግን ሆቴሎቹ የሚጠይቁኝ ዋጋውን ነው። እኔ ባላመጣ ሌላው አከፋፋይ ያመጣዋል፤ እኔም እዘጋለሁ።"

"ቃለ አባይ!" አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። መቼስ የሚያደርገው ቢጠፋው፣ አንድ ካርቶን አንስቶ አሳቀፈኝ። "ለቤት ይሁንሽ፣ ስጦታዬ ነው።" ጉድ እኮ ነው! ለዶሮ አርቢ የዶሮ እግር በስጦታ! ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ጣቶቼ እስኪሞቁ ድረስ ሳሻቸው መጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ መኖውን በባልዲ ሞልቶ በሩ ላይ ቆሟል። አንዲት ፍሬ አልሰጣቸውም። ዶሮዎቹ ሰጋቱራውን ከነኩሱ መልቀም ጀምረዋል፤ አንዷ ጀርባዋ ተነካክሶ ደም ሆኗል። ፊቴን ሲያይ ወደ ገመዱ ሄደ።

"አውርደው" አልኩት።

ገመዱን ፈታው። መመገቢያዎቹ መሬት ሲነኩ የሆነውን ግርግር ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ ቀስ በቀስ ጩኸቱ ረገበና የመንቁር ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ከነገ ጀምሮ በየሰፈሩ ይዘናቸው እንዞራለን፤ አምስትም አሥርም እያልን እንሸጣቸዋለን" አለ ባለቤቴ። ደግሞ "ለፈልፋይዋ ደውይላት" አለኝ። ካልወሰደ እንዝጋው ሲለኝ እሺ ብዬ ነበር፤ እሺ እሺ ነው። ደወልኩ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

"ስንት ሰዓት ላምጣልሽ?"

"አታምጪ።"

"ስንቱን ልቀንስ?"

"ሁሉንም። አከፋፋዩ ትቶናል፣ ልንዘጋ ነው። ለሌላ ሰው ስጪያቸው።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"ለማን?" አለችኝ። "ለማን ልስጣቸው እህቴ? ድሮ በአንድ ዙር ሠላሳ ሰው ነበር የሚያዘኝ። በዚህኛው ዙር ማሽኑን ያስነሳሁት ላንቺ ብቻ ነው። ሌሎቹ እኮ ዘግተው አልቀዋል።"

"ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ፈርተሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነዋ።"

ከጀርባዋ ይሰማኛል። ቅርፊቱን መስበር ጀምረዋል፤ ገና እንቁላሉ ውስጥ ሆነው ጢው ጢው ይላሉ።

ቃለ አባይ እንድትለኝ ጠበቅሁ። በሞቴ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እሺ፣ ገባኝ" ብላ ዘጋችው።

"ምን አለችሽ?" አለኝ ባለቤቴ።

"እሺ አለችኝ" አልኩትና እዚያው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።