ፕለጊኗ የተዘጋች ዕለት

ሐሙስ ጠዋት የሠርግ ዘፈን አቀናባሪው በዩሚ ሻዩን ሁለቴ እንኳን ሳይጎነጭ ነው የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያ ጽሑፍ ድቅን ያለው፤ "የፕለጊኑን ፈቃድ ማረጋገጥ አልተቻለም።" ዘግቶ ከፈተው፤ ያው ነው። አጥፍቶ አስነሳው፤ ያው!

"ኧረ አላህ ይይላችሁ! ዛሬ? ከቀን ሁሉ ዛሬ?" ብሎ ራሱን ያዘ።

ፕለጊኗ ከሙዚቃ ማቀነባበሪያው ጋር የምትገጠም ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ሥራዋም አንድ ብቻ ነው። ፒያኖ ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል ተደብቃ የምትቀረውን፣ ካይሮ ውስጥ ግን ያለሷ ሠርግ የማይሞቀውን ሩብ ድምፅ በጣት ለሚመታው ባለ ብዙ ክር ቃኑንም ለቫዮሊኑም ታወጣለታለች። ዘጠኝ ዓመት አብራው ሠርታለች። ሌሎቹንም ሞክሯቸዋል። ድንቄም ሩብ ድምፅ! ጆሮ ይበሳሉ እንጂ።

የሠሯት ሰዎች ድርጅታቸው ሊዘጋ መሆኑን ቀደም ብለው ጽፈውለት ነበር፤ "ሥራዎቻችሁን ከአሁኑ ወደ ድምፅ ፋይል ገልብጡ" ብለው። እሱ ግን አልገለበጠም። እንዴት ብሎ ይገልብጥ? እሱ በሚሠራበት በካይሮው ኢምባባ ሰፈር የሠርግ ዘፈን እስከ ሠርጉ ቀን አያልቅም። ዛሬ የሙሽራዋ አክስት ስሜ ይጠራ ትላለች፤ ነገ የሙሽራው አጎት ከእሷ በፊት ካልተጠራሁ ብሎ ያኮርፋል። ስለዚህ በዩሚ ሁሉን ነገር ክፍት አድርጎ ይተውና በመጨረሻው ቀን ይገለብጣል። የመጨረሻው ቀን ይኸው መጣ።

ለድርጅቱ ኢሜይል ላከ። መልሱ በቅጽበት ደረሰ፤ "ስለ አብሮነትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ይህን አድራሻ ከእንግዲህ የሚያነበው የለም።"

"የሚያነበው ከሌለ ማነው የመለሰልኝ?" ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ሻዩ ፈሰሰ።

ሌላ ዘፈን ቢሆን እንደምንም ይወጣው ነበር። ይሄ ግን የዛሬዋ ሙሽራ የሹሩቅ ነው። ሹሩቅ በተወለደች በሰባተኛው ቀን፣ አባቷ ሐሰነይን ሕፃኗን ታቅፎ "እደጊልኝ፣ ለሙሽራሽም እየዘፈንኩ አስረክብሻለሁ" እያለ የዘፈነው በካሴት ተቀድቷል። ሐሰነይን ዛሬ በሕይወት የለም። እናቷ ሐጃ ኢንሺራህ ካሴቱን ለበዩሚ ሰጥታ፣ "ልጄን ወደ ሠርጓ ድምፁ ያስገባት፤ ቃሉ ነው" ብላዋለች። በዩሚ ሦስት ወር ሙሉ ድምፁን ሲያጸዳ፣ ቃኑንና ቫዮሊን ሲያለብሰው ከረመ።

እኩለ ቀን ላይ ሐጃ በሩን በርግዳ ገባች።

"ልጅቷ ፀጉር ቤት ናት። አሰማኝ!"

"ሐጃ፣ ትንሽ ጣጣ ገጥሞኛል…"

"ጣጣህን ለነገ አድርገው። አሰማኝ አልኩህ!"

አሰማት። ቃኑኑና ቫዮሊኑ ያለ ፕለጊኗ ወደ ፒያኖ ድምፅ ተመልሰው፣ ከሐሰነይን ዜማ ጋር ይፋጫሉ። የሐጃ ፊት ተለዋወጠ።

"ሐሰነይንን ምን አደረግኸው?"

"እሱ አይደለም የሳተው፤ መሣሪያዎቹ ናቸው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ድርጅታቸውን ዘጉና…"

"የሙሽራው ዘመዶች ይሄን ያውቃሉ? በባሌ ይስቁበታል እኮ! ሰፈር ሙሉ ዝፈንልን እያለ የሚለምነው ሰው በሞተ በሁለት ዓመቱ መሳቂያ ይሁን?" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አንተ ነህ እንግዲህ የሰፈሩ ባለሙያ!"

በዩሚ ደሙ ፈላ። በእሷ አይደለም፤ በዘጉት፣ ባመሰገኑት፣ ከሁሉም በላይ ባልገለበጠው በራሱ። ማውሱን ያዘና ቃኑኑን አጠፋ። ቫዮሊኖቹን አጠፋ። ሦስት ወር የለፋበትን አንድ በአንድ ድራሹን አጠፋውና፣ እልህ ይዞት ያልጸዳውን የካሴቱን ቅጂ አምጥቶ ለቀቀው።

ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ የናስ ሙቀጫ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። የሴቶች ጭብጨባ። ከመሃል ሐሰነይን፣ አንዲት ድምፅ ሳይስት፣ "እደጊልኝ…" እያለ።

ሐጃ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

"ይሄን ሙቀጫ የት ደብቀኸው ነበር?"

"ጫጫታ መስሎኝ… አጽድቼው ነበር።"

"እናቴ እኮ ናት የምትመታው! በሰባተኛው ቀን ሙቀጫ ካልተመታ ምን በዓል አለ? ይሄን እኔ ልንገርህ?" እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። "ይሄን ስጠኝ። እንዳለ።"

"የአክስትየዋ ስምስ? የአጎትየውስ?"

"ያኩርፉ! ዛሬ ሐሰነይን ብቻ ነው የሚናገረው።" በዩሚ የገለበጠላትን ፍላሽ ተቀብላ ጡቷ ሥር ወሸቀችና በር ላይ ዘወር አለች። "አላህ ይስጥህ፣ ልጄ። ግን የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ብታደርገው ምን ነበረበት?"

በዩሚ ባዶ የቀረውን ስክሪን አየ። ሦስት ወር! ከሩቅ እልልታዋ ተሰማው፤ ደስም አለው፣ አንገበገበውም።

ከዚያ ደብተሩን ገለጠ። የሚቀጥለው ሐሙስ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት በሕይወት አለ፤ ካሴትም የለው፣ ድምፅም የለው፤ ቃኑን በብዛት ይግባልኝ ብሏል። በዩሚ የፈሰሰውን ሻይ ጠረገና ፕለጊኗን እንደገና ሊከፍታት ሞከረ።