የተርስተን አርባ ቀን

ቀይ ጽጌረዳና ነጭ ጽጌረዳ የሚባሉት ሁለቱ የነገሥታት ቤቶች የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ታዲያ ለአንዲት ዘውድ ሲተራረዱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ወይ አለመጥገብ! ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባል የለ? ተርስተን ሳር ነበር። የቀዮቹ ጦር በተፈታ ዕለት ፈረሱን ጥሎ ሮጠና እዚች የገጠር ቤተክርስቲያን ገብቶ ተማጠነ።

ቤተክርስቲያን የተማጠነን ሰው አርባ ቀን ማንም አይነካውም። አርባው ሲሞላ ግን ወይ እጁን ይሰጣል፣ ወይ ጥፋቱን ተናዝዞ በባዶ እግሩ እስከ ወደብ ይሄድና አገሩን ለዘላለም ይለቃል።

ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ተርስተን ከመሠዊያው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መሠዊያው ሲመላለስ ድንጋዩ ሁሉ አስጠልቶታል፤ አብሮት ያለው አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ነው። ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጦ የሚጠብቀው ደግሞ ባዳ አይምሰላችሁ፤ የገዛ ሚስቱ ወንድም ራልፍ ነው፣ የነጮቹ ወታደር።

"አማቼ፣ ዛሬም አልሰለቸህም?" አለ ራልፍ ፖም እየገመጠ።

"የሰለቸኝ ያንተ ፊት ነው።"

"የቀዮቹ አለቃ፣ ሽማግሌው ሎርድ ገርቫስ የት እንደተደበቁ ንገረኝና ቤትህ ግባ። ወደብ እሄዳለሁ ካልክ መንገዱን የያዙት የእኛ ልጆች ናቸው። አንገትህን ይዘህ አታልፍም።"

"ያሳደጉኝን ሰው ልሽጥ?"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!" ብሎ ራልፍ የፖሙን እንብርት ወረወረበት።

ተርስተን እንብርቱን በእግሩ ወደ ውጭ መለሰለት። ሎርዱ ቆስለው የተኙት እዚያው እሱ ቤት፣ የበግ ጠጉር የሚከማችበት ጎተራ ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ኤቪስ ብቻ ናቸው። መሞት ፈርቷል፣ በጣም ፈርቷል፤ ምላሱን ግን ነክሶ ይዟል።

ከሰዓት ኤቪስ ዳቦና አይብ ይዛለት ገባች።

"ሁለት ቀን ቀረህ" አለችው በሹክሹክታ።

"መቁጠር አላቃተኝም።"

"እኔስ ምን ልሁን? ጎመን በጤና ይባላል፣ ተርስተን! እሳቸው ሰባ ዓመት ኖረዋል። አንተ ገና ምን አየህ?"

"በእናትሽ፣ አፍሽን ዝጊ! ወንድምሽ ይሰማል።"

አልቅሳ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ባዶ እጇን መጣች። ራልፍ ከኋላዋ ቆሟል፤ ፖምም ቀልድም አልያዘም።

"ውጣ፣ ምሕረት ተደርጎልሃል" አለ። "ሎርዱ ተይዘዋል።"

ተርስተን ሚስቱን አየ። እሷ ወለሉን ታያለች።

"ራልፍ ጎተራውን በረበረ?"

"አልበረበረም" አለች።

"ታዲያ እንዴት ተያዙ? መንገዱን ወታደር እንደሞላው እያወቁ እንዴት ይወጣሉ?"

"እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። 'መንገዱ ነጻ ነው፣ ይነሱ' ብላቸው እምቢ አሉ። 'ማን ላከሽ?' አሉኝ። ተርስተን ነው አልኳቸው። 'ተርስተን ካለማ' ብለው ትከሻዬን ተደግፈው በገዛ እግራቸው ወጡ።"

ራልፍ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ኤቪስ እጇን ዘረጋችለት።

"ና፣ ቤታችን እንሂድ" አለችው።

ተርስተን ፊቱን ወደ ሽማግሌው ቄስ አዞረ።

"አባ" አላቸው፣ "በሩን ይዝጉልኝ።"