ሦስት ጊዜ የሚያስወርደው መስመር

ካርታ ነዳፊው የከተማዋን የወደፊት የባቡር መስመሮች ሲስል መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው አማቱ ሰፈር እስኪደርስ ነው። የሚስቱ እናት የሚኖሩት ከተማዋ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ሦስት ታክሲ መቀያየር ስለሚሰለቻቸው ብቅ የሚሉት በዓመት አንዴ ነው። የቤቱ ሰላም የቆመውም በዚሁ ላይ ነበር።

አለቃው ካርታውን አየና፣ «ይሄ መስመር ሦስት ቦታ ባቡር የሚያስቀይረው ለምንድን ነው?» አለው።

«መሬቱ ረግረግ ነው።»

«እዚያ ሰፈር? የቧንቧ ውሃ እንኳ በሳምንት አንዴ ነው የሚያዩት!» ብሎ እስክሪብቶ አነሳና መስመሩን ቀጥ አድርጎ አሰመረው።

ካርታው ጋዜጣ ላይ በወጣ ማግስት አማቱ ጋዜጣውን በብብታቸው፣ ሻንጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩን አንኳኩ።

«እሰይ የኔ ልጅ! ባቡሩን ደጄ ድረስ አመጣህልኝ አይደል?»

«እማማ፣ እሱ እኮ ገና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።»

«አንብቤዋለሁ። እስከዚያ እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ ሲጀምር በባቡር እመለሳለሁ» አሉና ሻንጣውን አቀበሉት።

ሚስቱ ከጓዳ፣ «ምን ይገትርሃል? እማዬን አስገባት እንጂ!» አለች።

በነጋታው ካርታ ነዳፊው ከሁሉም ቀድሞ ቢሮ ገባና፣ ቁፋሮው ዛሬውኑ ቢጀመር ምን ችግር እንዳለው አለቃውን ጠየቀ።